ሞተሩ የወረደ ቮልስ በተሳቢ፦ ከጎንደር ባሕር ዳር

ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉዞውን የሚወስነው ግን ከመንገዱ ይልቅ መኪናው ተሳቢው ላይ የቆመበት ቦታ ነው። የጫንነው እድሳት ላይ ያለ አሮጌ ቮልስ ነው። ሞተሩ ወርዷል፣ የፊት መስታወቱ ወልቋል፣ ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለል ደግሞ ዝገት በልቶታል። የቮልስ ወለል አብዛኛውን ጊዜ የሚበሳው በዚያ በኩል ነው።

ሙሉ ቮልስ 800 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማዎቹ ያደላል። ሞተሩ 110 ኪሎ ገደማ ነው፤ እሱ ሲወርድ የፊትና የኋላው ክብደት ይቀራረባል። ስለዚህ ሙሉ መኪና የተጫነበትን ምልክት ተከትሎ ማቆም ዋጋ የለውም፤ እንደገና መመዘን ያስፈልጋል። ከተሳቢውና ከጭነቱ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው፣ ተሳቢው ከጎታቹ መኪና የሚያያዝበት መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት። ካነሰ ተሳቢው ቁልቁለት ላይ ጅራቱን መወዝወዝ ይጀምራል፤ ከበዛ ደግሞ የጎታቹ ፊት ይቀልና መሪው አይታዘዝም።

ለዚህ የእህል ነጋዴ ሚዛን ይበቃል። የተሳቢው ጎማዎች በታኮ (ጎማ ሥር በሚደረግ ማገጃ) ተይዘው፣ አንገቱ ከሚጎትተው ፒክአፕ ተላቆ፣ በመንጠቆው ከፍታ ልክ በጣውላ ተደግፎ ሚዛኑ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ 90 ኪሎ አሳየ። መኪናው 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲገፋ 150 ገባ። ተሳቢውና መኪናው ተደምረው 1,250 ኪሎ ስለሚሆኑ በቂ ነው። የወረደው ሞተር ፒክአፑ ላይ፣ አሮጌ ጎማ ውስጥ ተቀምጦ ታሰረ። መኪናው ውስጥ መክተት የተመዘነውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ የበሰበሰውን ወለልም ይዞ ይወርዳል።

ማሰሪያው 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ በራሱ መወጠሪያ የሚጠብቅ ቀበቶ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ። ናይለን ገመድ ይለጠጣል፣ ሲርስ ይብሳል። ቀበቶውን በጎማው ላይ ማሳለፍ ከሁሉ ይሻላል። ቦዲው ከታሰረ መኪናው በሞላው ላይ ሲዘል ቀበቶው ይላላል፤ የዛገ ላሜራም ይቀደዳል። ጎማው የማያመች ከሆነ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት የአክስል ቱቦዎች ይችላሉ፤ የፍሬን ቱቦው ሥር እንዳይጨፈለቅ ማየት ነው። በረጅሙ የተዘረጋ ቀበቶ አንዴ ከተጠመዘዘ በንፋስ አይርገበገብም።

የፊት መስታወት የሌለው መኪና ንፋስ ይሞላና የኋላውን መስታወት ገፍቶ ያወጣል። ክፍቱን በኮምፔንሳቶ መዝጋት ይሻላል። ሸራ ሲማታ የተቀባውን የዝገት መከላከያ እየፋቀ ይሄዳል። የፊት ኮፈኑ የሚከፈተው ከአፍንጫው በኩል ስለሆነ በገመድም መታሰር አለበት።

ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል ነው፤ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ያለ ጥድፊያ። ጠዳ ላይ ቆመን ቀበቶዎቹን አጠበቅን፤ በመጀመሪያው 20 ኪሎ ሜትር ሁሉም ስለሚረግብ ይህ የሚታለፍ አይደለም። እዚያው የተሳቢውን የጎማ መሃል በእጅ መንካት ነው፦ ለብ ካለ ደህና ነው፣ እጅ የማያስችል ከሆነ ኩሽኔታው ግራሶ አጥቷል ወይም ፍሬኑ ይዟል። ከማክሰኚት እስከ እንፍራንዝ የሚያሰጋው ከብትና ጋሪ ነው። ወደ አዲስ ዘመን ስንወርድ ተሳቢው በትንሹ ተወዛወዘ፤ እንዲህ ሲሆን ነዳጅ መልቀቅና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ እንጂ ፍሬን መርገጥ አይገባም። ከወረታ ወዲያ የፎገራ ሜዳ ነው፤ የሚባል ነገር የለውም፣ ከ60 እስከ 70 ተይዞ ይታለፋል። ታርጋ የሌለው መኪና ሲጫን ሊብሬው እጅ ላይ ይሁን፤ ኬላ ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ባሕር ዳር ሲወርድ ተሳቢው ከፒክአፑ ሳይላቀቅ ነው። መኪናው ወደ ኋላ ሲንከባለል ክብደቱ ጅራት ላይ ይሆናል፤ ያልተያዘ አንገት ብድግ ብሎ ሰው ይመታል። መጀመሪያ የዊንቹ (ገመድ እየጠቀለለ መኪና የሚስበው መሣሪያ) ገመድ ተወጥሮ ይያያዛል፣ ከዚያ ቀበቶዎቹ ይፈታሉ፣ ታኮው በመጨረሻ ይነሳል።