ስምንተኛዋ ምት

የፊደል ገበታን ዜማ ላይ ለማስቀመጥ የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል። እያንዳንዱ ረድፍ ሰባት ድምፅ አለው። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። የምናጨበጭብበት ምት ግን አራት አራት እያለ ነው የሚሄደው። ሁለት ጊዜ አራት ስምንት። ሰባቱን ዘፍነን ስንጨርስ አንዲት ምት ትተርፋለች።

እኔ ያቺን ምት ባዶ ነው የምተዋት። ከበሮ አላስገባባትም፣ «ሄይ!» አልልባትም። የልጁ ናት። አንዱ ያጨበጭብባታል፣ አንዱ ይተነፍስባታል፣ ሌላዋ ትዘልባታለች። በደቂቃ 80 ምት ከሄድን አንዱ ረድፍ 6 ሰከንድ ይወስዳል፤ 33ቱም ረድፍ ከ3 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። ልጁ እየተከተለ ይበል ካልን ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፊደሉን ከፋፍለን በአጫጭር ቪዲዮ ነው የምናወጣው። ወላጆች «ትንሽ ፈጠን ብታደርጉት» ይሉናል። አናፈጥነውም። የሦስት ዓመት ልጅ «ቀ»ን እና «ጰ»ን አፉ ላይ እስኪያስተካክል ጊዜ ይፈልጋል።

«እኛ» የምለው ለዩቲዩብ የልጆች መዝሙር የምንሠራውን እኔንና ወንድሜን ነው። እሱ ይሥላል፣ ሥዕሉን ያንቀሳቅሳል፣ ያቀናብራል። እኔ ግጥምና ዜማ እሠራለሁ፣ እዘፍናለሁ፣ ክራርና ኪቦርድ እጫወታለሁ። ስቱዲዮ የለንም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅለን እንቀዳለን። ቀን ቀን ኬጂ አስተምራለሁ። መዝሙሩ መጀመሪያ የሚፈተነው እዚያ ነው። ልጆቹ ፊት ዘፍኜው ካልተቀበሉኝ አይቀረጽም። በማግስቱ «ሚስ፣ የትናንቷን!» ካሉኝ ማታ ለወንድሜ እደውላለሁ።

ሰው ብዙ የማያስበው ነገር የድምፅ ከፍታ ነው። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ሳይጨነቅ የሚዘፍነው በጠባብ ቦታ ውስጥ ነው፤ ከመካከለኛው ዶ ወይም ሬ ተነስቶ እስከ ላ ቢደርስ ነው። ወፍራም ድምፅ ያለው ዘፋኝ ለራሱ በሚመቸው ከፍታ ሲዘፍን ልጁ ወይ ይጮኻል ወይ ዝም ብሎ ያያል። ደግነቱ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት አለልን። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። አምስቱም ድምፆች ልጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ ያርፋሉ። ለትንንሽ ልጅ ታስቦ የተሠራ ቅኝት ነው የሚመስለኝ። አምባሰልንና አንቺ ሆዬን እንደ ነፍሴ እወዳቸዋለሁ፤ ግን በውስጣቸው ያሉት የግማሽ ድምፅ እርምጃዎች፣ በጣም የተቀራረቡት ድምፆች ማለት ነው፣ ለዚያ ዕድሜ ይከብዳሉ። እንዲሰሟቸው ከበስተጀርባ በክራር አስገባቸዋለሁ እንጂ ዝፈኑ አልላቸውም።

የምሠራበትን መንገድ የወሰድኩት ከልጅነት ጨዋታ ነው። የእኛ ጨዋታ ሁሉ ተቀባይ አለው። «ኩኩሉ!» ሲባል «አልነጋም!» ይባላል። «እንቆቅልህ» ላለ «ምን አውቅልህ» የሚል ሰው ያስፈልገዋል። አበባዬ ሆይ ያለ «ለምለም»፣ ሆያ ሆዬ ያለ «ሆ» ወዴትም አይሄድም። አውራጁ ብቻውን አይዘፍንም። በቃሉ አንድም ነገር የማይችል የሁለት ዓመት ሕፃን እንኳ «ሆ» ብሎ ከትልልቆቹ ጋር ይገባል።

አባባ ተስፋዬ ሣህሉም ይህን ያውቁ ነበር። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!» ሲሉ እኛ ቤት ወለሉ ላይ የተኮለኮልነው ልጆች በሙሉ ድምፃችን እንመልስላቸው ነበር። ቴሌቪዥኑ እንደማይሰማን እናውቃለን። ግን ድምፃቸው መልስ የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነበር። ከእሳቸው በኋላ ደግሞ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ጀመረች። በአማርኛ የምታወራ አሻንጉሊት ቀጭኔ! ትልቅ በጀት ሳይጠብቁ መጀመር እንደሚቻል ያየሁት ከእነሱ ነው።

ዛሬ ስልክ ላይ የሚከፈቱት የልጆች ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ለልጁ ቦታ አይተዉም። ምስሉ ሳይታይ ይቀየራል፣ ድምፁ አያርፍም፣ ልጁ አፉን ከፍቶ ያያል። ምግብ ሲጎረስ እንኳ አያውቅም። በአማርኛ ከሚሠሩትም ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ዜማ ላይ የእኛን ቃል የለጠፉ ናቸው። ለ26 ፊደል የተሠራ ዜማ ላይ ፊደላችንን ሲጭኑት ይሰባበራል። ምስሉም እንደዚያው ነው። በረዶ፣ ቀይ ጎተራ፣ ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ። እኔ የማስተምረው ልጅ ጠዋት የሚመጣው በባጃጅ ነው። ወንድሜ ባጃጅ ሲሥል መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ጥቅስ ሳይቀር ያስገባል፤ ማንበብ የጀመሩት ልጆች ቪዲዮውን አቁመው ያነቡታል።

አንድ ቀን ስንቀዳ «ቆራሌው!» የሚለው ሰው በመስኮታችን ሥር አለፈ። ወንድሜ ሊቆርጠው ነበር። እኔ ደግሜ አዳመጥኩት። እውነተኛ ዜማ ነው። ከላይ ይነሳል፣ «ሌ» ላይ ይረዝማል፣ ወደ ታች ይወርዳል። «ልዋጭ! ልዋጭ!» የምትለዋም የራሷ ምት አላት። ከእነዚህ ድምፆች የሰፈር መዝሙር ሠራን። እኔ «ማነው?» እላለሁ፣ ልጆቹ በዜማው ይመልሳሉ። እስካሁን ከሠራናቸው ሁሉ ልጆች በብዛት የሚዘፍኑት ይህን ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ የሚጠይቁኝ አሉ፤ በግልጽ ልመልስ። በፈረንጆቹ 2019 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ ከጎግልና ከዩቲዩብ ጋር የልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ በመሰብሰብ የተነሳውን ክስ በ170 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ዘጉት። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ «ለልጆች የተሠራ» ተብሎ የተመዘገበ ቪዲዮ የተመልካቹን መረጃ ተከትሎ የሚመጣ ማስታወቂያ አይወጣበትም። አስተያየት መስጫውም ይዘጋል። ለአነስተኛ ሠሪ ይህ ከገቢው ብዙ ይወስዳል። ቢሆንም ሕጉን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። የልጅ መረጃ መሸጥ የለበትም። እኛም በዚያው መንፈስ የማስተምራቸውን ልጆች ፊት ቪዲዮ ላይ አናወጣም። እጃቸው ከበሮ ሲመታ፣ እግራቸው ሲዘል ይታያል፤ ይበቃል። ኑሯችንን የሚደግፈው የልደት ዝግጅትና የትምህርት ቤት በዓል ላይ የምንጫወተው ነው።

አስተያየት መስጫው ሲዘጋ ወላጆች ወደ ቴሌግራም መጡ። እዚያ ድምፁን ብቻ ለብቻው እንለቃለን። ለዳታ የሚቆጥብ ቤተሰብ በትንሽ ሜጋባይት ያወርደዋል፤ ልጁም ስክሪን ላይ ሳያፈጥ ይዘፍናል። እውነቱን ለመናገር እኔ ከቪዲዮው ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ውጭ አገር ያሉ እናቶች የልጃቸውን ድምፅ ቀድተው ይልኩልናል። አንዷ ሜሪላንድ ናት። ልጇ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር የሚመልስላት። የላከችልን ቅጂ ላይ መኪና ውስጥ ናቸው፣ የእኔ ድምፅ ከመኪናው ስፒከር ይሰማል። «ማነው?» እላለሁ። ልጁ ከኋላ ወንበር «ቆራሌው!» ይላል፣ «ሌ»ን ስቦ ስቦ። ወንድሜ ይህን ቅጂ ሰምቶ ሥራውን አቁሞ በረንዳ ወጣ።

አሁን የያዝነው እሹሩሩን ነው። መነሻውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱ ስንኝ አለው። እናት የልጇን ስም ታስገባለች፣ የባሏን ናፍቆት ታስገባለች፣ የአማቷን ነገር ታስገባለች። እነዚህ ስንኞች አያቶቻችን ጋር ናቸው ያሉት፤ እኔም አቅሜ እስከቻለ ድረስ መሰብሰብ እፈልጋለሁ። እናታችሁ ወይም አያታችሁ የሚሉትን በስልካችሁ ቀድታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ። የየት አገር ሰው እንደሆኑ፣ ከማን እንደሰሙት ጠይቃችሁ ጻፉልኝ። ቅጂው በዩቲዩብ እንዲወጣ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ካልፈቀዱ ስንኙን ብቻ እኔ እዘፍነዋለሁ። ሲቀዱ የሚያለቅስ ልጅ ቢኖር አትቁረጡት፣ እንዳለ ላኩት።