በቀስታ የወረደው አሥራ አንድ ሊትር

ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የሰመመን ባለሙያ ነኝ። ከወረባቦ ወገን የመጡ እናት ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ «አርግዛለች» ብሎ ሲጠብቅ ዓመት ደፈነ። አልትራሳውንዱ ያሳየን ግን ከአንዱ እንቁልጢ ተነሥቶ የጎድን አጥንት ሥር የደረሰ ሲስት፣ ማለትም ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው።

አንድ ወጣት ሐኪም «አልጋቸው ላይ እንዳሉ በመርፌ ብንቀዳላቸውስ? ትንፋሽ እንኳ ያገኛሉ» አለ። የማህፀን ሐኪማችን አልፈቀዱም። ከረጢቱ በውስጡ የተከፋፈለ ስለሆነ አንዱን ክፍል ቢቀዱት ሌላው ይቀራል። ካንሰር ከሆነ ደግሞ በመርፌው ቀዳዳ የሚወጣው ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ይረጫል፤ እንቁልጢ ላይ ብቻ የነበረ የደረጃ 1ኤ ካንሰር ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና ወቅት ሲፈስ ደረጃው ከፍ ብሎ 1ሲ ይባላል፣ ኬሞቴራፒም ሊያስከትል ይችላል።

ወንድማቸው በበኩላቸው «አዲስ አበባ የጎረቤታችን ልጅ በሦስት ቀዳዳ ታክማ በማግስቱ ወጣች፤ የእኔን እህት ለምን ከላይ እስከ ታች ትቀድዷታላችሁ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። የሚሠራ ላፓሮስኮፕ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ ሆድ ውስጥ የሚገባ ካሜራ፣ ግን አልነበረንም። ምስሉ ላይ ካንሰር የሚያስጠረጥር ጠጣር ክፍል ስላልታየ ሐኪሙ ያለ ካሜራም ቢሆን በትንሽ ቀዳዳ ለመሥራት ወሰኑ።

ለእኔ የሚያስፈራው ቢላዋው አልነበረም። እናታችንን በጀርባቸው ስናስተኛቸው፣ ሰመመን እንኳ ሳይሰጥ፣ «ልጄ፣ አፈነኝ» አሉ፤ የላይኛው የደም ግፊት ከ120 ወደ 78 ወረደ። ከረጢቱ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ተጭኖት ነበር። በቀኝ ዳሌያቸው ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ አስገብተን ጠረጴዛውን ወደ ግራ ስናዘነብለው ግፊቱ ተመለሰ። ለደረሰች እርጉዝ የምናደርገው ነው፤ እርጉዝ ላልሆነች ሴት ግን ብዙ ሰው አያስበውም።

ከእምብርት በታች አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ተከፈተ። ሐኪሙ የከረጢቱን ዙሪያ በጋዝ ጨርቅ ከልለው፣ ግድግዳው ላይ የሚሰበሰብ ክብ ስፌት ሠርተው በመሐሉ የመምጠጫውን ቱቦ አስገቡ። ወጣቱ ሐኪም ማሽኑን እስከ መጨረሻው ከፈተው።

«ዶክተር፣ ዝጋልኝ!» አልኩት።

ግራ ተጋባ። ያ ሁሉ ጫና በአንድ ጊዜ ሲነሣ ደም ወደ ሆድ ዕቃ ሥሮች ይሸሻል፣ ግፊቱም ይወድቃል፤ ለወራት ተጨፍልቆ የኖረ ሳንባም በድንገት ሲነፋ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ያህል፣ እየቆምን እየቀጠልን ቀዳን። ፈሳሹ እንደ ተልባ የሚለጠልጥ ነበርና ቱቦውን እየደጋገመ ደፈነው። ሲስተር ጠርሙስ በቀየረች ቁጥር «አምስት... ሰባት...» እያለች ስትቆጥር ዐይኔ ከሞኒተሩ አልተነቀለም። አሥራ አንድ ሊትር ላይ አበቃ። የተሟጠጠው ከረጢት በዚያችው ቀዳዳ ከነእንቁልጢው ተጎትቶ ወጣ፤ ሆድ ውስጥ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። የላቦራቶሪው ውጤት ሚውሲነስ ሲስታዴኖማ፣ ማለትም የሚለጠልጥ ፈሳሽ የሚቋጥር ካንሰር ያልሆነ እብጠት አለ።

ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ «በትንሿ ቀዳዳ» ይለን ጀመር። ከኩታበር የመጡ ሌላ ሴት ምስል ላይ ግን ከረጢቱ ውስጥ ጠጣር ሥጋ፣ ዙሪያውንም ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ውኃ ታየ። ባለቤታቸው ደጋግመው ሲለምኑ ያስረዳቸው ያው ወጣቱ ሐኪም ነው፦ «ጠባሳው ረጅም ይሆናል፣ አባቴ፤ የእርሳቸውን ግን ሳንቀዳ እንዳለ ነው የምናወጣው።»