ያልተነኩት አምስት ቁጥሮች

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት የሐምሌ 2017 ደመወዝ በተከፈለ ማግስት አንድ ሹፌር ስሊፓቸውን ይዘው ሂሳብ ክፍል ገቡ። «የኔ ልጅ፣ ግብሩ ቀነሰ ተብሎ አልነበር እንዴ? እኔ እኮ ከሰኔም ያነሰ ነው የደረሰኝ።»

ደመወዛቸው 9,000 ብር ነው። በሰኔ 1,745 ብር ግብርና 630 ብር ጡረታ ተቆርጦ 6,625 ብር ደርሷቸው ነበር፤ በሐምሌ የደረሳቸው 6,422 ብር ከ50 ነው። ጡረታው ያው 7 በመቶ ስለሆነ አልተነካም። ግብሩ ግን 1,947 ብር ከ50 ሆኗል። በአዲሱ የገቢ ግብር አዋጅ መሆን የነበረበት የ9,000 ብር 25 በመቶ፣ ማለትም 2,250፣ ሲቀነስ 850፤ 1,400 ብር።

ጥፋቱ የተገኘው ኤክሴሉ ላይ ነው። የድሮው የደመወዝ ግብር ሰንጠረዥ ሰባት እርከን ነበረው፤ በአዋጅ 1395/2017 የመጣው ስድስት ነው። ሰንጠረዡን የቀየረው ባለሙያ የእርከኖቹን ወሰንና መቶኛውን ከላይ ወደ ታች ጽፎ ሰባተኛውን መስመር ሰረዘ። የተቀናሹን አምድ፣ ማለትም ደመወዙ በመቶኛው ከተባዛ በኋላ የሚቀነሰውን ቁጥር፣ ግን አልነካውም። በ300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ፋንታ የድሮዎቹ 60፣ 142.50፣ 302.50፣ 565 እና 955 ተቀምጠው ቀሩ። 20,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በድሮው 5,500 ብር ይከፍል ነበር፤ በአዲሱ 4,950 መክፈል ሲገባው 6,045 ተቆረጠበት። ፎርሙላው ምንም ስህተት አያሳይም፤ ቁጥር አስልቶ ይሰጣል፣ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ተቀናሹ ከየት እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ይህን አምድ አይረሳም። እስከ 2,000 ብር ያለው ነፃ ስለሆነ የ2,000 ብር 15 በመቶ፣ 300 ብር፣ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ መቶኛው በየእርከኑ በ5 ስለሚጨምር የ4,000፣ የ7,000፣ የ10,000 እና የ14,000 ብር 5 በመቶ እየተደመረ ይሄዳል፦ 200፣ 350፣ 500፣ 700።

መፈተሻውም ከዚሁ ይወጣል። እያንዳንዱን ወሰን በላዩና በታቹ መስመር አስሉት፤ ውጤቱ አንድ መሆን አለበት። 4,000 ብር በ15 በመቶም በ20 በመቶም 300 ብር ግብር ይሰጣል። በተበላሸው ሰንጠረዥ 2,000 ብር ግብር የለውም፣ 2,001 ብር ላይ ግን 240 ብር ከ15 ሳንቲም ይቆረጣል። ለአንድ ብር ጭማሪ! ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ከክፍያው በፊት ቢሠራ ኖሮ ሹፌሩ ደረጃ ባልወጡ ነበር።

የሐምሌ የግብር ማሳወቂያ ለገቢዎች ገና ስላልቀረበ (ለማቅረብ ወሩ ካለቀ በኋላ 30 ቀን አለ) ፔይሮሉ እንደገና ተሠርቶ ልዩነቱ ለሁሉም ተከፈለ፤ ለሹፌሩ 547 ብር ከ50። ሌላ ጣጣ የታየው ያኔ ነው። የሁሉም ወር ሺት ከአንድ ሰንጠረዥ ጋር የተያያዘ ስለነበር የሰኔና የግንቦት ግብርም አብሮ ተለውጧል። የታተመው ፔይሮልና ፋይሉ ስላልተስማሙ የድሮውን ሰንጠረዥ ከባክአፕ ማውጣት ግድ ሆነ። አሁን ሁለቱ ሰንጠረዦች ጎን ለጎን ናቸው፤ አዲሱ ላይ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የሚል ቀን አለ። በአውሮፓ ቀን በሚሠራ ሶፍትዌር ይህ ጁላይ 8 ቀን 2025 ነው፤ ጁላይ 1 ብሎ የሞላ ሰባት የሰኔ ቀናትን ወደ አዲሱ ይጎትታል።