መጠይቁን ሳትጨርሱ ቤታቸው ሂዱ

ደብረ ብርሃን ዙሪያ የመርሳት በሽታ፣ ዲሜንሺያ የሚባለው፣ ያለባቸውን አረጋውያንና አስታማሚዎቻቸውን ላጠና ስነሳ መጠይቁን በረቂቁ ይዤ ነው ቤታቸው የሄድኩት። ምን እንደምጠይቅ እነሱው ይንገሩኝ ብዬ።

ሰው ማግኘቱ ራሱ ሥራ ነው። «ዲሜንሺያ ያለበት ሰው አለ?» ብትሉ የለም ትባላላችሁ። እዚህ እርጅና ነው፣ ጃጅተው ነው የሚባለው፤ ጠበል የሚወስዳቸውም ብዙ ነው። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና የእድሩን ዳኛ «መንገድ የሚጠፋባቸው፣ አንድ ነገር ደጋግመው የሚጠይቁ አሉ?» አልኳቸው። ያኔ ተገኙ። አዳራሽ መጥራት አይታሰብም፣ አስታማሚ ቤት ጥላ የት ትሄዳለች? ቡና ላይ ተቀመጥን። ጠዋት ጠዋት፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ሲመሻሽ ግራ መጋባት ይብስባቸዋል።

ረቂቁ ላይ ስለ አስታማሚ ጫና በዓለም ላይ ከሚታወቀው ባለ 22 ጥያቄው የዛሪት መጠይቅ የወሰድኳቸው ጥያቄዎች ነበሩ። አማቷን የምታስታምም ሴት ሰማችኝና ሳቀች። «እናቴ ከበደችኝ የሚል ሰው የታለ? ቢከብደኝስ ላንቺ እነግርሻለሁ? ይልቅ ሌሊት ስንቴ ትነሺያለሽ በይኝ። ውኃ ልትቀጂ ስትወጪ በር ትቆልፊባቸዋለሽ ወይ በይኝ።» እነዚህን ጨመርኩ፤ ሌሎቹ አስታማሚዎችም ሳይሽኮረመሙ መለሱልኝ።

የማስታወስ ፈተናውም እንዲሁ ነው። አንዲት እማማን «ቀኑ ስንት ነው?» ስላቸው «ሚካኤል አይደል እንዴ!» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ 12 ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ሚኒ ሜንታል የሚባለው የማስታወስና የማሰብ ፈተና ደግሞ ሥዕል አስመስሎ መሳል ይጠይቃል፤ እርሳስ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ነጥብ የሚጎድለው ረስቶ ነው እንዴ? 10/66 የተባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን ትምህርት ቤት ላልገቡ ሰዎችም የሚሆን መመዘኛ ለማዘጋጀት ብዙ የለፋው ለዚህ ነው።

ፈቃድን በተመለከተ፣ ልጅየው ስለፈረመ ብቻ አያልቅም። በሄድኩ ቁጥር «አባባ፣ ዛሬስ ላጫውትዎ?» እላለሁ፤ ፊታቸውን ካዞሩ የዚያ ቀን ሥራ የለም። ደግሞ አጠገባቸው ሆኖ እንደሌሉ ስለሳቸው ማውራት ነውር ነው። አስታማሚዋን ለብቻዋ አናግሯት፣ እስክትጨርሱ ጎረቤት አብሯቸው ይቀመጥ።

ይሄ ሁሉ ገንዘብም ጊዜም ይበላል፤ ፕሮፖዛሉ ላይ ከመጀመሪያው አስገቡት። «ቡና» ብላችሁ ከጻፋችሁ ፋይናንስ አይቀበላችሁም፣ «መስተንግዶ» በሉት።