ዲቪ ጸጋ አይደለም

ፋሲካ ሲቃረብ ከፒያሳ የሚደወልልን ስልክ አንድ ጥያቄ አያጣም። «በየወሩ በ23 ጊዮርጊስን የምሳለመው እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ፣ ዲቪ ጾም ለማያውቅ ልጅ ይደርሳል? ይኼ ፍርድ ነው?» ውጭ ያለነው «ለበጎ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ጥያቄው ግን ከዚያ የተሻለ መልስ ይገባዋል።

ማቴዎስ 20ን አንብቡት። ባለ ወይኑ ሠራተኛ የቀጠረው ማልዶ፣ ከዚያም በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ነው። በሰሙነ ሕማማት ጊዮርጊስም ሆነ አራት ኪሎ ሥላሴ የሚሰገደው በነዚሁ ሰዓታት ነው። ዓርብ በ11 ሰዓት የደረሰውም በወይራው ቅጠል እንደ ቀዳሚው ይጠበጠባል። ማልደው የገቡት በአንድ ዲናር ተስማምተው ነበር፤ የአንድ ቀን ሙሉ ደመወዝ ነው፣ ማንም አላጭበረበራቸውም። ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ቢኖር፣ ጌታው «ከኋለኞች ጀምረህ» ክፈል ማለቱ ነው። የ11 ሰዓቶቹ ያንኑ አንድ ዲናር ሲቀበሉ ፊተኞቹ ቆመው አዩ። ከፊተኞቹ ቢጀመር ኖሮ ዲናራቸውን ቋጥረው በደስታ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ያንገበገባቸው የገዛ እጃቸው ሳይሆን የሰው እጅ ነው።

አገር ቤት ሳለን ሁላችንም ራሳችንን የምንቆጥረው ከማለዳዎቹ ጋር ነው። እዚህ ግን ባለ ዲግሪው፣ በማኅበሩ የተከበረው፣ ቅዳሴ ላይ ፊት የሚቆመው ሰው የሆቴል መጸዳጃ ያጥባል፤ አለቃው የልጁ እኩያ ነው። እሱም ቢሆን ሥራ ነው፣ ያኖራል። አጥንት ድረስ የሚሰማው ውርደት ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ማመልከቻ ልኮ ልኮ የሚጠራ ሲጠፋ። የ11 ሰዓቶቹ «የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው» ያሉት ያኔ ይገባል። ሰነፎች አልነበሩም።

ፈረንጁ ሰው ያለውን ሁሉ በላቡ ያገኘው ይመስለዋል። እኛ ደግሞ በስለት እንደራደራለን፤ ጾማችንንና ስግደታችንን እንደ እቁብ ጥለን ዕጣችንን እንጠብቃለን። ጳውሎስ ሮሜ 4፥4 ላይ ለሠራ ሰው ደመወዙ ዕዳ እንጂ ጸጋ አይደለም ይላል። ፈያታዊ ዘየማን፣ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ምን ጥሎ ነበር? «አስበኝ» አለ፣ ገነት ገባ። ጾም ለዚህ ምሕረት የምንሰጠው ምላሽ ነው፤ ዋጋው አይደለም።

ዲቪ ግን ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም። ኮምፒዩተር የሚያወጣው ዕጣ ነው። የደረሰው ጻድቅ፣ ያልደረሰው የተጣለ አይደለም። ሕጉ በዓመት የሚፈቅደው ቢበዛ 55,000 ቪዛ ነው፤ አንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ አይወስድም። የሚመረጠው ሰው ከቪዛው ቁጥር ይበልጣል፣ ስለዚህ ስማችሁ ስለወጣ ብቻ ቤት እንዳትሸጡ። 12ኛ ክፍል መጨረስ ወይም ስልጠና በሚጠይቅ ሙያ የ2 ዓመት ልምድ ያስፈልጋል። በአንድ ዙር ሁለቴ የሞላ ይሰረዛል፤ የትዳር ጓደኛውን ወይም ልጁን ሳያስመዘግብ የቀረም ቃለ መጠይቁ ላይ ይወድቃል። ፎርሙን ሌላ ሰው ከሞላላችሁ የማረጋገጫ ቁጥሩን እዚያው ሳትነሱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ቁጥሩን ደብቆ ውጤት ሲወጣ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ አለና።