አሜሪካኖች ካርታ አያውቁም፣ አውሮፓውያንስ?

«አሜሪካኖች ጂኦግራፊ አያውቁም» የሚለው ቀልድ አውሮፓ ውስጥ ሁሌም ገበያ አለው። መንገድ ላይ አንዱን አሜሪካዊ ያስቆሙና ስም ያልተጻፈበት ካርታ ይሰጡታል። ሀንጋሪን አሳየን ይሉታል፣ ጣቱን ቱርክ ላይ ያሳርፋል፣ ቪዲዮው ይለቀቃል፣ ከዚያ ሳቅ በሳቅ። በትክክል የመለሱት ሰዎች ተቆርጠው እንደሚወጡ ማን ልብ ይላል?

እርግጥ ቀልዱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የሙዚቃ ማሰራጫው ስፖቲፋይ አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ የኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ ሕንጻው ላይ የስዊዘርላንድን ባንዲራ ሰቀለ። ኩባንያው ግን የስዊድን ነው። ቶሎ አወረዱት፣ ፎቶው ግን ዓለምን አዳርሶ ነበር። የ2013ቱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የቦስተን ማራቶን ፍንዳታ ተጠርጣሪዎች የቼቼን (ሩሲያ ውስጥ ያለችው የቼችኒያ) ተወላጆች መሆናቸው ሲሰማ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ቼክ ሪፐብሊክን የሚራገም በዛ፤ በስተመጨረሻ አሜሪካ ያሉት የቼክ አምባሳደር «ቼክና ቼችኒያ የተለያዩ ናቸው» የሚል መግለጫ እስከማውጣት ደረሱ። አምባሳደር ተቀምጦ ይህን ሲጽፍ አስቡት።

ግን ጥያቄውን እናዙረው። አውሮፓዊውን ካንሳስ ሲቲ የት ነው ብትሉት ካንሳስ ይላችኋል። ትልቁ ካንሳስ ሲቲ ያለው ሚዙሪ ውስጥ ነው። የኒው ዮርክ ስቴት ዋና ከተማስ? አልባኒ። ዋሽንግተን የሚባለው ስቴት ደግሞ ከዋና ከተማዋ ከዋሽንግተን በአገሩ ሌላኛው ጫፍ፣ ፓስፊክ ዳር ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄኔ ነው።

እዚህ ላይ አሜሪካኖች «የኛ አንድ ስቴት እኮ ከናንተ አገር ይበልጣል» ብለው ይከራከራሉ። በስፋት ከሆነ ልክ ናቸው፤ ቴክሳስ 695,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጀርመን 357,000። ግን ሚዙሪ ፓስፖርት አይሰጥም፣ ኤምባሲም የለውም፤ ትንሿ ስሎቬኒያ ሁለቱም አላት። ስለዚህ ሚዙሪን አለማወቅና ስሎቬኒያን አለማወቅ ለኔ እኩል አይደሉም።

ደግሞ ስም ቀላሉ ነገር ነው፣ ስልክ ከፍቶ ማየት ይቻላል። ሁለቱም ክፉኛ የሚሳሳቱት ርቀት ላይ ነው። አውሮፓዊው በአንድ ሳምንት እረፍት ኒው ዮርክን፣ ማያሚን፣ ግራንድ ካንየንን፣ ሎስ አንጀለስን በኪራይ መኪና እጨርሳለሁ ብሎ ያቅዳል። ከኒው ዮርክ ሎስ አንጀለስ ብቻ በመኪና 4,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቀን ስምንት ሰዓት ቢነዳም አምስት ቀን ይበላበታል፣ ማያሚን ሳንቆጥር። አሜሪካዊው ደግሞ አውሮፓን በባቡር ባንዴ የሚያልቅ ሰፈር ያደርገዋል። ከሊዝበን ሞስኮ ቀጥታ ቢለካ 3,900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከኒው ዮርክ ሎስ አንጀለስ በአየር እንደማለት።

የኔ ተወዳጅ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ሮምና ቺካጎ፣ የትኛዋ ወደ ሰሜን ትጠጋለች? ሁሉም ቺካጎ ይላል። ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 42ኛው ዲግሪ አካባቢ ናቸው። ለንደን ደግሞ አላስካን ከተውን ከአሜሪካ ስቴቶች ሁሉ በስተሰሜን ነች። ሰው ካርታውን በብርዱ ስለሚለካው ነው የሚሳሳተው። የምዕራብ አውሮፓን ክረምት የሚያለዝበው ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ የአትላንቲክን ሙቀት ይዞላቸው ይመጣል። ነፋሱ ብርዱን ይቀንሳል እንጂ ፀሐይዋን አያቆያትም። ስለዚህ በዲሴምበር ከቴክሳስ ለንደን የሚሄድ ሰው ወፍራም ጃኬት ይዞ ይሄዳል፣ ከተማውን ከምሳ በኋላ ቀስ ብዬ አየዋለሁ ይላል፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ሳይሞላ ጀምበር ትጠልቅበታለች።