ስማቸው በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

አዳማ ጳጉሜን ላይ ገበያዋ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል በግና ዶሮ፣ በሌላ በኩል ደብተርና ዩኒፎርም። ወላጅ ሁለቱንም ለማሟላት ላይ ታች ይላል። ለእኔ እንቁጣጣሽ ከአደዩ እኩል የትምህርት ቤት በዓል ነውና፣ ዘንድሮ ስለ አንድ ትልቅ ሰው የተማሪነት ዘመን ላጫውታችሁ።

ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ወደ ብሪታንያ፣ ዌልስ የላኳቸው ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ሬክሰም አካባቢ ሊንዲስፋርን ኮሌጅ የሚባል ትምህርት ቤት ገቡ። የሙዚቃ ተሰጥኦአቸው የታየው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ቀጥሎ አሜሪካ፣ ቦስተን፣ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ። በርክሊ የገቡ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እሳቸው ናቸው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ አራቱን የእኛን ቅኝቶች፣ ከጃዝ ጋር አዋሕደው ኢትዮ ጃዝን ሰጡን። በ2004 ዓ.ም. ያው በርክሊ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው።

ስለሳቸው ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ቦስተን ነው። የእኔ ልብ ግን ሬክሰም ላይ ይቀራል። እዚያ ገና ስም የላቸውም። መሐንዲስ ሁን ተብሎ የተላከ፣ በሰው አገር ያለ ልጅ ናቸው። ያንን ልጅ ልብ ብሎ ያየ ሰው ባይኖር ኖሮ ምናልባት ዛሬ አንድ ጎበዝ መሐንዲስ ይኖረን ነበር፤ ኢትዮ ጃዝ ግን አይኖርም።

ለንደን ላይ ታዋቂ ሰው በኖረበት ቤት ግድግዳ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ መለጠፍ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። ብሩክ ስትሪት ላይ የሃንደልና የጂሚ ሄንድሪክስ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ናቸው። ሁለት መቶ ዓመት የተራራቁ ሙዚቀኞች፣ ግድግዳ ተጋርተው! ሰሌዳው ላይ ያለው ነገር ትንሽ ነው። ስም፣ ሙያ፣ ዘመን። በቃ።

እኛ ጋ የእምነበረድ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን ሕንፃውን ማን እንደመረቀው ነው። ሰውን ከተማረበት ቦታ ጋር መጥራት ግን ከጥንት የምናውቀው ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሲነሱ ድጓውን ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ዙር አምባ፣ ቅኔውን ዋሸራ ተማረ ይባላል። የመምህሩም ስም አይቀርም። እነሱ በቃል የያዙትን እኛ በድንጋይ ብንጽፈው ምን አለበት?

ደግሞ አዳማ ላይ የሚጻፍ አይጠፋም። ከአፄ ገላውዴዎስ ጀምሮ የከተማችንን ትምህርት ቤቶች አስቡ። የሚኒ ሚዲያዋን ክፍል ታስታውሷታላችሁ? ጠባብ ክፍል፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ማይክ፣ ዛፍ ላይ የታሰረ ስፒከር። ማይኩ ሲያፏጭ ሁሉም ጆሮውን ይይዛል። ከዚያ አንዷ ልጅ ትጀምራለች፤ ኳስ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ዞር ይላሉ። አጠገቧ ደግሞ ምሳ ሰዓቱን ሰውቶ የሚያለማምዳት መምህር አለ። የስንቱ ድምፃዊ የመጀመሪያ መድረክ ይኼ ነው! እኔ የዚያ መምህር ስም ሲረሳ በጣም ያመኛል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። ልጆቻችሁን ስታስመዘግቡ ስለ ሒሳቡና እንግሊዝኛው እንደምትጠይቁት ሁሉ፣ የሙዚቃ ክበብም አለ ወይ በሉ። የቀድሞ ተማሪዎች ሆናችሁ የምትገናኙ ደግሞ፣ በመስከረም ወሬያችሁ መሐል አንድ ሰሌዳ አንሱ። የሙዚቀኛው ስም፣ የተማረበት ዘመን፣ ከሥር ያስተማረው ሰው ስም። እብነ በረድ ከተወደደ በቀለምም ይጻፍ። የሚጻፈውን ስም ለማሰባሰብ እኔ አለሁ። የምታውቁትን መምህርና ትምህርት ቤት ላኩልኝ።

መልካም አዲስ ዓመት ከአዳማ!